ያልታከመ ውሃ

“አክሚው” የሚለውን ቃል ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ቃሉ ምን አጠፋ ትሉ ይሆናል። ቃሉ ምንም አላጠፋም። ያጠፋነው እኔና አንድ የዓሣ ባለሙያ ነን። እሱ የራሱን ድርሻ ይቀበል አይቀበል አላውቅም፤ እኔ ግን የራሴን ልናገር።

ነገሩ የሆነው ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለው ግቢያችን ነው። ስሜ ሙሉነሽ ነው፤ ሰፈሩ ግን “ውሃ አክሚ” ይለኛል። ለዘጠኝ ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ በየቤቱ ዞሬያለሁ። ቦርሳዬን አንግቼ፣ በር እያንኳኳሁ፣ “ውሃ አክማችሁ ጠጡ! ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን፣ ድፍርስ ከሆነ ሁለት ክዳን፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ” የሚለውን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ሥራውን ከተውኩ በኋላ እንኳ ልማዱ አልተወኝም። ሰው ቤት ውሃ ሲቀርብልኝ ብርጭቆውን ከማንሳቴ በፊት “ታክሟል?” ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የማውቀውን ነገር ሰው ሲነግረኝ አልወድም። የማላውቀውንም ቢሆን እንደማውቅ ሆኜ ነው የምሰማው። ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ፤ ኋላ ይጠቅማችኋል።

ባለቤቴ ደምሴ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቶ፣ ቀኝ እጁን ማሽን በልቶት ቤት የገባ ሰው ነው። ከአንጓው ከፍ ብሎ ተቆረጠ። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ለሁለት ዓመት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሲጠሩት “እም” ይላል፤ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ ሌላ ነገር የለም። መከርኩት። ተቆጣሁት። ዘመድ ሰብስቤ አስመከርኩት። “እጅህ ነው እንጂ የተቆረጠው ምላስህ አይደለም!” ብዬ የጮህኩበትም ቀን አለ። ግድግዳው ቢመልስልኝ ይቀል ነበር።

የዓሣው ሐሳብ የታናሽ ወንድሙ ነው። አንድ እሑድ መጥቶ ከግቢያችን ጥግ፣ ሜዳ ላይ፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ገንዳ ገነባ። ሲደርቅ ውሃ ሞላበትና የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ለቀቀበት። እኔ “የትንኝ መፈልፈያ ሠራህልን” ብዬ ሰድቤ ሸኘሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ደንግጬ ብወጣ ደምሴ ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ጠዋት አልቀረም። በግራ እጁ ምግባቸውን ይበትናል። ሌሎቹን እየገፋ ቀድሞ የሚደርሰውን ትልቁን ዓሣ “ፎርማን” ብሎ ሰየመው፤ በሥራ ዘመኑ የጠላው አለቃ ነበረውና። በቀን አሥር ቃል መናገር ጀመረ። ለእኔ አሥር ቃል በዓል ነው። አንድ ነገር ብቻ ያናድደኝ ነበር። ምግቡን ከበተነ በኋላ የተቆረጠ ክንዱን እስከ ክርኑ ድረስ ውሃው ውስጥ ይነክርና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዓሣዎቹ መጥተው ይነካኩታል። እኔ እየጮህኩ እደርሳለሁ። “ቆሻሻ ውሃ እኮ ነው! ጠባሳህ ይመረቅዛል!” እለውና ክንዱን ይዤ አውጥቼ በሳሙና አጥበዋለሁ። እሱም እንደ ሕፃን ይታጠብልኛል። በነጋታው ደግሞ ይነክረዋል።

ዓሣዎቹ አንድ መቶ ሃያ ነበሩ። ታኅሣሥ ገባ። የሰበታን የታኅሣሥ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። አንድ ማክሰኞ ደምሴ “ሙሉ፣ ነይ እስቲ” ብሎ ጠራኝ። ፎርማን ጎኑ ላይ የተነጨ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር በቅሎበታል። ሌሎቹም ላይ አለ፤ ክንፋቸው ላይ፣ ዓይናቸው አጠገብ። ሰውነታቸውን ከሲሚንቶው ጋር ያሻሉ። ረቡዕ አምስት ሞቱ። ደምሴ በግራ እጁ አንድ በአንድ እያወጣ አጥሩ ሥር ቀበራቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሌሎች ስድስት ተንሳፍፈው አገኘሁ። ወደ ቤት ተመልሼ “ደምሴ” አልኩ። አልጋው ላይ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

“እም” አለ።

አንባቢዎቼ፣ ያቺ “እም” የድሮዋ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰማኋት “እም” ናት። ዓሣዎቹ ካለቁ እሱም እዚያው ግድግዳ ሥር እንደሚቀርብኝ ያኔውኑ ገባኝ። ስልኬን አንሥቼ የዓሣ ባለሙያ ነው የተባለ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ደወልኩ። ማክሰኞና ረቡዕ ደውዬለት አላነሣም ነበር። በስድስተኛው ጥሪ አነሣ።

“ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ቶሎ በይ።”

ቶሎ ብዬ ነገርኩት። ጥጡን፣ ማሻሸቱን፣ የሞቱትን።

“ፈንገስ ነው። ብርዱ ነው ያመጣባቸው። ውሃውን አክሚው።”

“ውሃውን ላክመው?”

“አዎ፣ ውሃውን አክሚው፤ ይድናሉ” አለና ስልኩ ተዘጋ።

እፎይ አልኩ። ውሃ ማከም? ለእኔ? በዚህ ሰፈር ከእኔ በላይ ውሃ ያከመ ማን አለ? ቤቴ ውስጥ የውሃ ማከሚያ አንድ ካርቶን አይጠፋም። ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ገንዳው ሦስት መቶ ጀሪካን ይይዛል። ውሃው ደግሞ አረንጓዴ ነው፤ ድፍርስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ክዳን። ወደ ጠርሙስ ስመልሰው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ሆነ። አንድ ጠብታ ሳላሳስት፣ ገንዳውን እየዞርኩ፣ በእንጨት እያማሰልኩ ጨመርኩት። ሲያልቅ ሰዓቴን አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው። በራሴ ኮራሁ።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። መጀመሪያ ሁሉም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈቱ። የተሻላቸው መሰለኝ። ቀጥሎ መዝለል ጀመሩ። አንዱ ከገንዳው ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሌላው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ከዚያ አንድ በአንድ በጎናቸው ይጋደሙ ጀመር። ግቢው በሙሉ በረኪና በረኪና ይሸታል።

ድምፁን ሰምቶ ነው መሰለኝ ደምሴ በባዶ እግሩ እየሮጠ ወጣ። ገንዳውን አየ። ባዶ ጠርሙሶቹን አየ።

“ሙሉ! ምን ጨመርሽበት?”

“አከምኩት። ባለሙያው ነው ያዘዘው።”

“እኔን ጠየቅሽኝ?”

“ተኝተህ ነበር...”

“እኔን ጠየቅሽኝ ወይ ነው የምልሽ!” ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። እጁ ከተቆረጠ ወዲህ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። “ሁልጊዜ ታውቂያለሽ! ስተኛ ለምን እንደተኛሁ ታውቂያለሽ፣ ዝም ስል ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቂያለሽ! አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ‘ምን ያምሃል?’ ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?”

መልስ ሲያጥረኝ እናደዳለሁ። ንዴቴን ይዤ ወደ ባለሙያው ደወልኩ። ይሄኛውን ወዲያው አነሣ።

“ያዘዝከው መድኃኒት ዓሣዎቼን እየፈጀ ነው!”

“ምን ጨመርሽ?”

“የውሃ ማከሚያ ነዋ!”

“ክሎሪን?!” ከወንበሩ ሲነሣ ተሰማኝ። “እንዴ! ጨው እኮ ነው! ዓሣ ታሞ ውሃውን አክሚ ከተባለ ጨው ጨምሪበት ማለት ነው! ይሄ እንዴት አይገባሽም?”

ይሄ እንዴት አይገባሽም። ይህችን ዐረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የእኔው ናት፤ ከእኔ አፍ ወጥታ ዞራ መጣችብኝ። የት እንዳልኳት ለማስታወስ ግን ጊዜ አልነበረም።

“አሁን ምን ይሻላል?” አልኩት።

“ክሎሪን ወዳልነካው ውሃ አዛውሪያቸው። አሁኑኑ! የቧንቧ ውሃ እንዳትሞክሪ፤ ያው ክሎሪን ነው።”

የእኛ ሮቶ በራሴ እጅ የታከመ ነው። ሱቅ ወዳላቸው ወደ ሐጂ ከድር ቤት ሮጥኩ። የዝናብ ውሃ እንደሚያጠራቅሙ አውቃለሁ።

“ውሃ? ሞልቷል ልጄ! ደግሞ አትጠራጠሪ፤ ታክሟል!” አሉኝ እየሳቁ።

ቀጥሎ ወዳለችው መምህር ቤት ሄድኩ። “ያንቺን ትምህርት ረስተን? በርሜሉን ትናንት ነው ያከምነው!” አለችኝ በኩራት። ሁለት ቤት ጨመርኩ። ታክሟል፤ ታክሟል። ዘጠኝ ዓመት የዘራሁትን በአንድ ጠዋት አጨድኩት። መንገድ ላይ ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር።

በዚያ ሰፈር ውሃ የማያክም አንድ ቤት ብቻ ነበር። የአዴ ወርቂቱ ቤት።

አዴ ወርቂቱ እዚያው ተወልደው ያረጁ፣ ግቢያቸው ውስጥ የራሳቸው ጉድጓድ ያላቸው ሴት ናቸው። አተት ተሰግቶ በነበረ አንድ ክረምት በራቸውን አንኳኩቼ የውሃ ማከሚያ እንክብል ሰጠኋቸው። እቸኩል ነበር፤ ያን ቀን የማዳርሰው ብዙ ቤት ነበረኝ። “መድኃኒት ነው፣ ከአተት ያድናል” ብያቸው ወጣሁ። የልጅ ልጃቸው ሌንሴ በዚያው ሰሞን ተቅማጥ ይዟት ነበር። መድኃኒት ተብለዋል፤ ለታመመች ልጅ ሰጧት። አፏ ተላጠ፣ ስታስመልስ አደረች። እግዜር ይመስገን ተረፈች። እኔ ግን በማግስቱ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት በራቸው ላይ ቆሜ፣ እናቴ የሚሆኑትን ሴት፣ “አንቺ ሴትዮ! ውሃ ውስጥ ነው እንጂ! ይሄ እንዴት አይገባሽም?” ብዬ ጮህኩባቸው። ይህም አልበቃኝ ብሎ “ይሄ ጉድጓድ መዘጋት አለበት” ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጉድጓዱ አልተዘጋም። በራቸው ግን ለእኔ ተዘጋ።

በሩን አንኳኳሁ። ራሳቸው ከፈቱ።

“አካም ጅርቱ፣ አዴ ወርቂቱ?”

“ናጋ” አሉ በሩን በግማሽ ይዘው። “ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?”

“ውሃ እንዲሰጡኝ ነው።”

“‘እንዲሰጡኝ?’ ዛሬ አንቱ ሆንኩ?” ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “የእኔ ውሃ እኮ አልታከመም።”

“ያልታከመ ነው የምፈልገው።”

“አልሰማሁም።”

“ያልታከመ ውሃ ነው የምፈልገው።”

“ያን ቀን ጮክ ብለሽ ነበር” አሉ በእርጋታ። “ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። አሁንም ጮክ በይ።”

ንዴቴ እስከ አናቴ ወጣ። ዞሬ ልሄድ አንድ እግሬን አነሣሁ። ደግሞ ግድግዳው ታየኝ፤ ደምሴና ግድግዳው። እግሬን መለስኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ፤

“የአዴ ወርቂቱ ውሃ ያልታከመ ስለሆነ ነው የምፈልገው! ይስጡኝ!”

ሐጂ ከድር ከሱቃቸው አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ባጃጅ ያቆመ ሰውም ዞሮ አየኝ። አዴ ወርቂቱ አልሳቁም። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና “ሴኒ፣ ግቢ” አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄ አልጠየቁም። ገመድ ያዙ፣ ባልዲ ወረወሩ። አህያቸው ላይ አራት ጀሪካን ጫንን። እኔም በጀርባዬ አንድ አዘልኩ። ስንደርስ ደምሴ የእህል ወንፊት ይዞ ገና የሚተነፍሱትን እየለየ ነበር። በርሜሉን፣ ሳፋውን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ ያገኘነውን ዕቃ ሁሉ በጉድጓድ ውሃ ሞላን። ሰባት ጊዜ ተመላለስን። አዴ ወርቂቱ አንዱን ዓሣ በመዳፋቸው ይዘው “ቁርጡሚ! ዓሣ በሰው ግቢ ውስጥ!” እያሉ ይገረማሉ። ደምሴ ያዛል፤ እኛ እንታዘዛለን። “ይሄን ወደዚያ! ውሃ ጨምሪ! ቀስ፣ አታፍኛቸው!” በዚያች ግማሽ ቀን የተናገረው ቃል የሁለት ዓመቱን ይካክሳል። ግማሹ ስድብ ነበር፤ ለእኔ።

ከሰዓት በኋላ ቆጠርን። አርባ ሦስት ተርፈዋል። ከልብስ ማጠቢያው ሥር አንድ ትልቅ፣ ጎኑ ላይ ያ ጥጥ ያለበት ዓሣ ሌሎቹን እየገፋ ይሽከረከራል።

“ፎርማን መቼ ይሞታል!” አለ ደምሴ። ሳቀ። እውነቴን ነው፣ ሳቀ።

ወደ ባለሙያው ደግሜ ደወልኩ። ስለ ጨው። ባለሙያው መጠኑን ነገረኝ። “ቆይ፣ የገባኝን ልንገርህ፤ ትክክል ካልሆነ አርመኝ” አልኩት። ሦስት ጊዜ መልሼ አልኩለት። በሁለተኛው ላይ ተሳስቼ ነበር። ጨውን ደግሞ አዴ ወርቂቱ ናቸው ያመጡት፤ ለከብቶቻቸው ካስቀመጡት።

ሲጨርሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እግራቸውን ያደርቃሉ። አጠገባቸው ቆምኩ።

“አዴ ወርቂቱ፣ ያን ቀን...”

“ያን ቀን ‘መድኃኒት’ አልሽኝ። ልጅ ታማለች። መድኃኒት ሰጠኋት። ምኑ ላይ ነው ጥፋቴ?”

“የለብዎትም።”

“ታዲያ ለምን አዋረድሽኝ?”

እውነቱን ያወቅኩት እየመለስኩ ነው። “ጀሪካን ውስጥ ጨምሩ ያላልኩዎ እኔ ነኝ። ሰው ያን እንዳይጠይቀኝ ቀድሜ ጮህኩ።”

ከድንጋዩ ተነሡ። “ይህን ማወቅ ነበር የፈለግኩት” አሉና አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

አሁን እናንተ ‘ባለሙያውስ?’ ትሉኛላችሁ። በእሱ ተናድጃለሁ፤ ዛሬም እናደዳለሁ። ስብሰባው ለዓሣ ካልሆነ ለምን ነበር? ግን አንድ የደበቅኳችሁ ነገር አለ። ያን ቀን ስልኩን የዘጋው እሱ አይደለም። “አክሚው፣ ይድናሉ” ካለ በኋላ “መጠኑ...” ብሎ ጀምሮ ነበር። “እሱን ለእኔ ትነግረኛለህ እንዴ!” ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ። መቶ ጊዜ ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር መቶ ጊዜ እሱ ነው የዘጋው ብያለሁ። ለእናንተም ከላይ “ስልኩ ተዘጋ” ብዬ አለፍኩት። ይኸው ዛሬ አረምኩት። እናንተም፣ ነርስ ሁኑ፣ መምህር ሁኑ፣ አለቃ ሁኑ፣ “አይገባሽም?” ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ ቀድማችሁ ምን እንዳላችሁ አስታውሱ። ልመክራችሁ ብዬ አይደለም፤ ተናድጄ ነው።

ጥጡ በሳምንቱ ከዓሣዎቹ ላይ ረገፈ። ገንዳውን አጥበን በጉድጓድ ውሃ ሞላነው። በነጋታው ጠዋት ደምሴ ቀድሞኝ ወጥቷል። ምግባቸውን በተነና የተቆረጠ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረው። ሳሙናውን ይዤ፣ አፌን ከፍቼ ደረስኩ። አፌን ዘጋሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

“ደምሴ፣ ምን ያምሃል?”

ክንዱን ከውሃው አላወጣም።

“ጣቶቼ” አለ። “እጁ የለም፣ ጣቶቹ ግን ያሙኛል። ማሽኑ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ይፈጩኛል። ተኝቼ የነበረው ለዚያ ነው። እዚህ ስነክረው፣ ዓሣዎቹ መጥተው ሲነካኩት ብቻ ነው የሚተወኝ።”

ሳሙናውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እኔ በየጠዋቱ እየጮህኩ ከዚያ ውሃ ሳወጣው ነው የኖርኩት።